ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስመዝግብ፤ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ አልነበርኩምም። ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ቆይቼ በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት በገጠር መምህርነት፣ የቀሩትን በትምህርት ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነትና ኋላም በኃላፊነት ያሳለፍኩ፣ ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ከጠረጴዛዬ ተነሥቶ የማያውቅ፣ ሰው «ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ» ብሎ ሲያወራ «ሌላ የሰማ አለ ወይ?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ነገር የሚመጣው በጨለማ ነው ይላሉ፤ የእኔ የመጣው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጁባ ከተማ ውስጥ ነው፣ እስከ ዛሬም በየትኛው ማኅደር ውስጥ እንደማስገባው አላውቅም።

ጁባ ምን ልትሠራ ሄድህ ለምትሉኝ፣ ልጄ ምሕረት አትላባራ ሰፈር ውስጥ አሥራ ሁለት ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አላት፣ እናቷ ካረፈች በኋላ «አባዬ ብቻህን አትቀመጥም» ብላ ወሰደችኝ። ጊዜው ተኩሱ ጋብ ባለ በዓመቱ፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበር፣ ግማሹ ክፍል ባዶ፣ ጄኔሬተሩ ቀንም ሌትም የሚያጉረመርም፣ የውሃ ቦቴው በሳምንት ሁለት ጊዜ ግቢ ገብቶ የሚቀዳበት ጊዜ። እኔም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማልወድ የእንግዶቹን መዝገብ ተረከብኩ፣ በዓምድ በዓምድ አሰመርኩት፣ ምሕረት ደግሞ ለጓደኞቿ «አባቴ ጡረታ የወጣው ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከማስመሩ አይደለም» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ መዝገቡን ሳገላብጥ፣ ከወደ ሰሜን በኩል ብረት ሲመታ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። ትንሽ ዝም ብሎ አንድ ጊዜ። እንደገና ዝም ብሎ ሁለት ጊዜ። እመኑኝ፣ ከመስማቴ በፊት ነው የተነሣሁት፤ እግሬ ጫማውን እየፈለገ፣ እጄ ከወንበሩ ክንድ ላይ የሌለ ቦርሳ እያነሣ፣ አንገቴ ወንዝ ወደሌለበት ዞሮ ታንኳ ሲፈልግ ራሴን አገኘሁት። ምሕረት ከወጥ ቤቱ ብቅ ብላ «ወዴት ነው አባዬ?» አለችኝ። «ብረት የሚመታው ማን ነው?» አልኳት። «ምን ብረት?» አለች፣ ጄኔሬተሩን በአገጯ አሳየችኝና ተመለሰች።

ያ የብረት አመታት ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ የተመደብኩት በባሮ ወንዝ ዳር ካለች አንዲት የአኙዋክ መንደር ነው፣ መኪና የማይደርስባት፣ ከከተማ ሁለት ቀን በእግር ወይም በታንኳ የሚኬድባት። ትምህርት ቤቱ ሣር ክዳን ያለው አንድ ረጅም ቤት ነበር፣ መምህራኑም ሁለት፣ እኔና ሽፈራው የሚባል የማሠልጠኛ ባልንጀራዬ። ደወላችን ከማንጎ ዛፍ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፣ መኪና ገብቶ በማያውቅበት አገር ያ ቸርኬ እንዴት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። የሩቅ ገጠር መምህርነት ምን እንደሆነ ያልኖረበት ሰው አያውቀውም፤ ከሰዓት በፊት ፊደል ትቆጥራለህ፣ ከሰዓት በኋላ ቁስል ታጥባለህ፣ የሰው ደብዳቤ ታነባለህ፣ የሰው ጠብ ታስታርቃለህ፣ ጠመኔ ሲያልቅብህ በከሰል ትጽፋለህ፣ ሕፃናቱ አማርኛ ከአንተ ሲማሩ አንተ ከእነሱ ቋንቋቸውን ትማራለህ፣ አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ አንዲት ልጅ ስሟን ራሷ ጽፋ ስታሳይህ፣ ሚኒስትር ብትሆን የማታገኘው ደስታ ይሰማሃል። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

ሽፈራው መልከ መልካም፣ ድምፁ የሚያምር፣ የእጅ ጽሑፉ የታተመ የሚመስል ሰው ነበር። ወባ ሲጥለኝ ሰባት ቀን ሙሉ ከራስጌዬ ሳይነሣ ውሃ እያፈላ፣ በማንኪያ እያጠጣኝ፣ እየቀለደብኝ አዳነኝ፤ «ብትሞትብኝ አራተኛ ክፍልን ማን ይረከበኛል?» ይለኝ ነበር። ይህንንም ላስመዝግብለት፣ ተገቢ ነው።

ከወንዙ ማዶ ሌላ መንደር ነበር፣ ልጆቹ ወንዙ ሲሞላ መሻገር የማይችሉ፣ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ትምህርት ቤት የሌላቸው ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸውም የሌሉ። እኔ ዓርብ ዓርብ በታንኳ እየተሻገርኩ ማስተማር ጀመርኩ፣ ያለ ፈቃድ፣ ምክንያቱም ፈቃድ ብንጠይቅ መልሱ ሁለት ዓመት ይፈጅ ነበር። ሽፈራው በእነዚያ ሰዓታት የእኔን ክፍል ደርቦ ይይዛል። ከአውራጃ ተቆጣጣሪ በድንገት ቢመጣስ? ለዚያ ምልክት አበጀን፤ መግቢያ ረጅም፣ ዕረፍት አጭር፣ መውጫ አራት ጊዜ፣ ተቆጣጣሪ ከመጣ ደግሞ ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት። ትርጉሙ «ተመለስ» ነው። ልጆቹም ሁሉ ያውቁት ነበር፣ በጨዋታቸው መሐል በእንጨት እያንኳኩ እኔን እያስደነገጡ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ተቆጣጣሪው መጣ፣ እኔ ማዶ ነበርኩ፣ ደወሉን አልሰማሁም። ስመለስ ሰውየው ሄዷል፣ ስሜ ግን «ከሥራ ገበታው ላይ ተለይቶ የተገኘ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ዓመት ለከፍተኛ ትምህርት ከወረዳችን አንድ መምህር ብቻ ይላክ ነበር፣ ያ ዕድል የእኔ መሆኑ የታወቀ ነበር፣ ለሽፈራው ሆነ። እኔም ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጋር ከማስተማር ተነሥቼ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ፣ ዳግመኛም በሕይወቴ ጠመኔ አልያዝኩም። ሽፈራው ስንለያይ አንገቴን አቅፎ እያለቀሰ «መታሁ፣ ወንድሜ፣ እጄ እስኪዝል መታሁ፣ ነፋሱ ወሰደው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ሰው በቀላሉ የማምን ስላልሆንኩ ግን ተቆጣጣሪው በሄደ በሰኞው ክፍል ውስጥ ገብቼ አርባ ሦስቱን ልጆች «ደወሉ ተመትቶ ነበር ወይ?» ብዬ ጠይቄአለሁ፣ በአንድ ድምፅ «አዎ፣ መምህር!» ብለውኛል። አርባ ሦስት ምስክር ያለው ነገር ተዘጋ። እሱ ከፍ ያለ ቦታ ደረሰ፣ እኔም በየበዓሉ እየደወልኩ እንኳን አደረሰህ ስለው ኖርኩ።

እንግዲህ ያ አመታት ነው ጁባ ላይ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ የተመታው።

በማግሥቱም በዚያው ሰዓት መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን። እኔም እንደ ልማዴ ደብተር አወጣሁና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ መመዝገብ ጀመርኩ። የጎረቤቱን ጋራዥ ጠየቅኩ፣ ከሰዓት በኋላ መዶሻ አይነኩም። ብየዳ ቤቱን ጠየቅኩ፣ ሳቁብኝ። ዘበኛችን ጆሮውን አቁሞ አብሮኝ አዳመጠ፣ ድምፁ ለእኔ ጥርት ብሎ ሲመጣ እሱ «ማፊ» አለኝ፣ ምንም የለም ማለት ነው። ምሕረት የጆሮ ሐኪም ፍለጋ ጀመረች።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ የሽፈራው ልጅ ሕሊና ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «ጋሼ በላቸው፣ አባዬ ከትናንት ወዲያ ዐረፈ» አለችኝና አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ መታመሙን እንኳ አልሰማሁም ነበር። ኋላ ረጋ ስትል ልመናዋን ነገረችኝ፤ ለአርባው የሕይወት ታሪኩ ታትሞ ይነበባል፣ የከተማውን ዘመን የሚጽፍ ሞልቷል፣ የገጠሩን መምህርነቱን የሚያውቅ ግን ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ የለም። «እንደ ጋሼ በላቸው ልቅም አድርጎ የሚጽፍ የለም ይል ነበር» አለችኝ። አልዋሻችሁም፣ በኀዘን መሐል ኮራሁ። እሺ አልኩ። ዓርብ ለማድረስ ተስማማን።

ጽሑፉን ጀመርኩ። ወንዙን ጻፍኩ፣ ሣር ክዳኑን ጻፍኩ፣ ወባውን ጻፍኩ፣ ከዚያም «በችግር ቀን የማይከዳ ታማኝ ባልንጀራ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ነጥቡን ሳስቀምጥ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ብረቱ ተመታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ዐረፍተ ነገር ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይቆማል። ረቡዕ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። ድምፁ የሚመጣው ከወደ ሰሜን ነው፣ በዚያ በኩል ደግሞ ማንጋቴን አለ፣ ተፈናቃዮች የሰፈሩበት፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዳላቸው ሰምቻለሁ፣ ትምህርት ቤት ካለ ደወል አለ ብዬ አሰብኩ፣ ቦዳ ጠራሁ። የሞተር ሳይክሉ ነጂ መነጽሬንና ክራቫቴን አይቶ «ኡስታዝ፣ ሠርግ ነው?» አለኝ። «ትምህርት ቤት ነው» አልኩት። «ለመማር ትንሽ አልዘገየህም?» ብሎ ሳቀ፣ በጭቃው መሐል እያስጮኸ ወሰደኝ።

ትምህርት ቤቱ የእንጨት ምሰሶና የሸራ ክዳን ነው። ስደርስ አንዲት ረጅም ሴትዮ፣ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ፣ በሩ ላይ ቆማ እጇን እያጨበጨበች ልጆቹን ከዕረፍት ታስገባለች። ዙሪያውን አየሁ፣ ዛፍ አለ፣ ዛፉ ላይ ግን ምንም አልተሰቀለም። ከዛፉ ሥር አንድ የመኪና ቸርኬ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ መሐሉ አፈር ተሞልቶ ባሚያ በቅሎበታል። «ሰላም፣ ኢታ ከፍ?» አለችኝ ሴትዮዋ። «ኩዌይስ» አልኩ፣ ደኅና ማለቴ ነው፣ ከዚያ በላይ አረብኛ የለኝም። እግሬ ሥር የወደቀ ጠመኔ አየሁና፣ እንደ ድሮው ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አንሥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ ስሰጣት፣ ለራሴ በአማርኛ «ጠመኔ መሬት ላይ…» አልኩ።

«…አያድርም» አለች ሴትዮዋ፣ በጠራ አማርኛ።

ተያየን። ጠመኔውን እንደያዘች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መምህር በላቸው?» አለች። «እኔ አጁሉ ነኝ። አራተኛ ክፍል፣ ሁለተኛው መደዳ፣ መስኮቱ ጋ።»

ስሟን ራሷ ጽፋ ያሳየችኝ ልጅ ነበረች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፣ አነሣኋት፣ ልጆቹ በሸራው ቀዳዳ አጮልቀው እየሳቁ ያዩናል። ወላጆቿ ከድንበሩ ወዲህ የመጡ ነበሩ፣ አገሩ ነጻ ሲወጣ ወደዚህ ተመለሰች፣ መምህርት ሆነች፣ አሁን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ናት። «ጎሽ፣ የእኔ ልጅ» አልኳት፣ ከዚያች ሰዓት የበለጠ በሕይወቴ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው። ወንበር አስመጣችልኝ፣ ሻይ በላስቲክ ኩባያ አመጣችልኝ።

«ምን እግር ጣለዎት፣ መምህር?»

«ደወላችሁን ፈልጌ ነው።»

«ደወል የለንም፣ በጭብጨባ ነው።»

«ቸርኬ አላችሁ እኮ፣ ለምን አትሰቅሉትም?»

ወደ ባሚያው ተመለከተች። እኔም ወሬ ለመቀየር የሽፈራውን መሞት፣ የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ መጠየቄን ነገርኳት።

«ምን ብለው ጻፉ?»

«የማይከዳ ታማኝ ባልንጀራ።»

አጁሉ ኩባያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «መምህር» አለች፣ «ሌሎቹ መምህራን ቸርኬውን እንስቀል ባሉ ቁጥር እጣላቸዋለሁ፣ ምክንያቱን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን ልናገር ነው?»

ያን ዓርብ፣ ታንኳዬ ወንዙን አጋምሳ ሳለ፣ ሽፈራው እሷንና ሁለት ትልልቅ ልጆችን ጠርቶ «ቸርኬው ተሰንጥቋል፣ አውርዳችሁ ቤቴ አስገቡት» አላቸው። አወረዱት፣ ተሸክመው ከአልጋው ሥር ከተቱት። ተቆጣጣሪው እንደሚመጣ ሐሙስ ማታ መልእክት ደርሶት ነበር። አልመታም ማለት ብቻ አይበቃውም ነበር፤ እሱ ባይመታ ልጆቹ እንደሚመቱት ያውቃል፣ ስለሚወዱኝ።

«ሰውየው ከጀልባ ሲወርድ አየሁት» አለችኝ። «ሮጥኩ። ያኔ እግሬ እንዴት እንደነበር ያውቃሉ፣ ማንም አይቀድመኝም። ዛፉ ሥር ስደርስ ገመዱ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። እኔው ራሴ የተሸከምኩትን ረስቼ፣ መምህር፣ ገመዱን ይዤ ቆምኩ።»

«ሰኞ ጠየቅኋችሁ» አልኳት። «አርባ ሦስታችሁንም ጠየቅኩ።»

«ቸርኬው ያኔ ተመልሶ ተሰቅሎ ነበር። ‹አዎ በሉ› ብሎን ነበር።»

«አንቺም አልሽ?»

«አልኩ።»

«ለምን?»

ቀና ብላ አየችኝ። «‹መምህር ያዘዘው አይጠየቅም› ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነበሩ» አለች። በክፋት አልነበረም፣ እንዲያው እንደ ተማሪ መለሰችልኝ።

አንድ ሰው ከዳኝ ቢባል ይቻላል፤ ሰው ይከዳል። እኔ ግን በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ አርባ ሦስት የልጅ አፍ አንድ ላይ ተከፍቶ «አዎ፣ መምህር!» ሲል እንደገና ሰማሁት፣ ያን ድምፅ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ማስረጃ ብዬ የተሸከምኩት። በየበዓሉ የደወልኩለት፣ ልጁን ስትዳር የመረቅኩለት፣ በማንኪያ ውሃ ያጠጣኝን እጅ ያመሰገንኩበት ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ በፊቴ አለፈ። እሱስ ስልኩን ሲያነሣ ምን ብሎ ያስብ ነበር?

ይህን እያሰብኩ ሳለ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ተመታ። ከዚያ በፊት ርቆ ነበር የምሰማው፣ ያን ቀን ግን ከእግሬ ሥር መጣ። ሦስት። አንድ። ሁለት። ጎንበስ ብዬ መዳፌን ቸርኬው ላይ አሳረፍኩ፣ ብረቱ ገና እንደተመታ ደወል ውስጥ ውስጡን ይነዝር ነበር፣ የባሚያው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ይርገበገባል። ልብ በሉልኝ፣ በመንገዱ ላይ የውሃ ቦቴ አልፎ ሊሆን ይችላል፣ መሬቱን አንቀጥቅጦ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ራሴ አስቤዋለሁ። ግን አጁሉም እጇን ብረቱ ላይ አሳርፋ ነበር፣ ድንገት ሰብስባ ወደ ጉያዋ ከተተችው።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«ምኑን?» አለች። ከዚያ ቆይታ፣ «ፀሐዩ ነው፣ ብረቱ አቃጠለኝ» አለች።

ያን ቀን ፀሐይ አልነበረም። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነው የዋለው፣ ደብተሬ ላይ አለ።

ቤት እንደገባሁ ሻንጣዬን ከፈትኩ። የገጠር ዘመን የዕለት ማስታወሻዎቼን ከአገር አገር ይዤአቸው ነው የምዞረው፣ ወንዝ ከመሻገሬ በፊት የውሃውን ልክና ነፋሱን የምጽፍባቸውን። ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤአቸዋለሁ፣ የዚያችን ዓርብ ገጽ ግን፣ አሁን ነው ያስተዋልኩት፣ ከጻፍኩባት ቀን ወዲህ ገልጬአት አላውቅም። ገለጥኳት። በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ «ውሃ፦ እስከ ብብት። ነፋስ፦ ከትምህርት ቤቱ ወደ ማዶ» ይላል። ነፋሱ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው። ደወሉ ቢመታ ኖሮ የማዶ ውሾች እንኳ ይሰሙት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ሰነድ ስመረምር የኖርኩ ሰው፣ የራሴን አንድ ገጽ አልመረመርኩም፤ እንግዲህ ከከዱኝ ሰዎች ዝርዝር ላይ ራሴን የት ላይ እንደማስገባው እናንተ ፍረዱ።

ሐሙስን ሙሉ ስጽፍ ስቀድ ዋልኩ። እውነቱን ልጻፍ ብል፣ በአባቷ አርባ ላይ፣ በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ ያቺ ልጅ ምን ልትሆን ነው? ልተወው ብል፣ «ታማኝ» የሚለውን ቃል በእጄ ጽፌ ስሜን ከሥሩ ላኖር ነው፣ እኔ ሐሰተኛ ሰነድ ላይ ፈርሜ አላውቅም። ማታውን ጽሑፉን እንደማልሰጥ ልነግራት ወደ ሕሊና ደወልኩ።

ገና ከመጀመሬ «ጋሼ፣ እንኳን ደወሉ» አለችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር። አባዬ ሲታመም አንደበቱ ተዘግቶ ነበር፣ ያቺ ግራ እጁ ብቻ ነበረች የምትንቀሳቀሰው። በማንኪያ የአልጋውን ብረት ይመታል። ዝም ብሎ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ነርሷ ማንኪያውን ብትወስድበት በጥፍሩ ይቀጥላል። ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ? ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።»

ስልኩን እንደያዝኩ ደብተሬን ገለጥኩ። «መቼ ጀመረ?» አልኳት።

ቀኑን ነገረችኝ። ዓርብ ነበር። ዝናቡ የጀመረበት ሰሞን።

«ጋሼ? አሉ?»

«አለሁ» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?»

ደብተሬን ዘጋሁ። «የድሮ ምልክታችን ነው» አልኳት በመጨረሻ። «‹ተመለስ› ማለት ነው።»

«ለእርስዎ ነበር የሚመታው?»

«ለእኔ ነበር የሚገባው» አልኩ። በሌላ መንገድ ሰማችው መሰለኝ፣ «አይ አባዬ» ብላ እያለቀሰች አመሰገነችኝ። ጽሑፉን አልሰጥም ለማለት ከዚያ በኋላ አፍ አጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ላክሁላት። ወንዙ አለበት፣ ሣር ክዳኑ አለበት፣ ወባውና ማንኪያውም አለበት። «ታማኝ» የሚለው ቃል የለበትም። በእሱ ፋንታ አንድ ዐረፍተ ነገር አስገባሁ፣ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «በዚያ ትምህርት ቤት ደወል የመምታት ኃላፊነት የእርሱ ነበር።» እውነት ነው፣ ከሰነድ ጋር ይመሳከራል። በአርባው ላይ ሲነበብ ሰዉ ፈገግ ማለቱን ሕሊና ነግራኛለች፣ ጥሩ ትዝታ መስሏቸው።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ደስ ባለኝ፣ እኔም ለራሴ ማብራሪያ አግኝቼለት ነበር፤ የታመመ ሰው ጸጸት፣ ያረጀ ሰው ጆሮ፣ አጋጣሚ። ችግሩ ደብተሬ ነው። ሽፈራው ከሞተባት ቀን በኋላ ያሉትን ገጾች ስቆጥር ምልክቱ አንድም ቀን አልጎደለም። ማንኪያው ተወስዷል፣ እጁም ተቀብሯል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ይመታል። ምልክቱ ደግሞ ትርጉም አለው፣ ደስ ሲለን የምንመታው አልነበረም፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ አሁን ወደ እኔ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ማን ነው?

አጁሉ ባለፈው ወር ልትጠይቀኝ መጥታ ሻይ ጠጥተን ነበር። ባሚያውን ነቅላ፣ አፈሩን ደፍታ፣ ቸርኬውን ከግቢ አስወጥታ ለብረት ገዢዎች እንደሰጠችው ነገረችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ቸኩላ ተነሥታ ሄደች።

እኔም መመዝገቡን አልተውኩም። አሁን ድምፁ ከሰሜን አይመጣም፣ ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚመጣ ለመጻፍ እየተቸገርኩ ነው። የትናንቱ ምዝገባ እንዲህ ይላል፦ ዘጠኝ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ። ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት። በጣም ቅርብ። ነፋስ፦ የለም።